ጫፉ ለሚታጠብ ልብስ

ጥቅምት 4

ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት፤ ጉልበቷን ብቻ ታማርራለች፣ እሱንም የምታማርረው ደረጃ ሲመጣ እንጂ ጎረቤት ለወሬ ስትሄድ አይደለም። ደብዳቤህ ከወር በላይ ቆይቶ ደረሰኝ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። ደግ ወሬ ሳገኝ እጽፍልሃለሁ ብዬ ስጠብቅ ሳይመጣ ቀረ።

የሰማኸው እውነት ነው። ወደቡ ተዘግቷል። የኛን አሥራ ሁለት ሣጥን አዝራር የጫነችው መርከብ ሦስት ቀን ባሕሩ ላይ ቆማ ተመልሳለች። "ለጊዜው ነው" ይላሉ። አባባ "ለጊዜው" የሚል ቃል ሲሰማ ጃንጥላውን ይዞ ይወጣ ነበር፣ ትዝ ይልሃል?

ሠራተኞቹን ነገርኳቸው ብልህ ውሸት ይሆናል፤ እነሱ ናቸው የነገሩኝ። ዘጠኙም ሴቶች በጠዋት መጥተው፣ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸውን አጣምረው ጠበቁኝ። እማማ መርፌ አንተ ከሄድክ በኋላ የወጣላት ስም ነው፤ ካርቶን ላይ አዝራር ስትሰፋ ጣቷ የማይታየው ያቺ ትልቋ ሴት ናት። እሷ ተነሥታ "ልጄ፣ ካርቶን አለ፣ ክር አለ፣ መርፌ አለ። የሚሰፋው የታለ?" አለችኝ። 

እውነቱን እንነጋገር። በራችን ላይ "የአዝራር ፋብሪካ" ተብሎ ተጽፏል እንጂ ሃያ ዓመት ሙሉ አንዲት አዝራር ሠርተን አናውቅም። የሰው አዝራር ካርቶን ላይ እየሰፋን እንሸጣለን። አያታችን ከቀንድ አዝራር መሥራት የጀመረው በጦርነቱ ጊዜ መርከብ ሲቀር ነው። አባባ ቀጠለበት። ኋላ መንገዱ ሲከፈት የፕላስቲኩ አዝራር እንደ ጎርፍ ገባና አባባ ቀንዱን እያዞረ የሚቆርጥበትን ማሽን፣ ቶርኖውን፣ ሸራ አልብሶ የጎርፉ ወኪል ሆነ። አልፈርድበትም፤ ልጆች ነበሩት።

ትናንት ሸራውን ገፈፍኩት። ቶርኖው ደህና ነው፤ ዘይት ቀብቼ በእጄ ሳዞረው ዞረ። ቀንዱን ክብ ክብ አድርገው ቆርጠው የሚያወጡት መቁረጫዎች ግን የሉም፣ ከነሳጥናቸው። አንተ አራት ዓመት ከአባባ ጎን ቶርኖ ላይ የቆምክ ነህ፣ እኔ ቢሮ ውስጥ ወረቀት ሳገላብጥ የኖርኩ ነኝ። እባክህ የት እንዳሉ ጻፍልኝ። እስከ መጋቢት የሚሠራ ነገር ካላገኘሁ በሩን እዘጋለሁ፣ እነዚህ ሴቶችም ከዚህ ወጥተው ወዴት እንደሚሄዱ አላውቅም።

እህትህ


ኅዳር 19

እትዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ በአንድ ቀን ደረሱኝ፤ ፖስታ ቤቱም እንደ ሰው ግራ ገብቶታል። በፎቶው ላይ ከስተህ አየሁህ ላልሽው፣ ጥፋተኛው ፎቶ አንሺው ነው። እኔ ደህና ነኝ። ሥራውም ደህና ነው።

እዚህ ያሉት ነጋዴዎች ምን ዘዴ ዘየዱ ብለሽ ጠይቀሽኛል። እንደየጠባያቸው ነው። የዚፕ ፋብሪካው ባለቤት ማሽኖቹን ነቅሎ ድንበር ተሻግሯል፤ ዕቃው መግባት ከተከለከለ እኔ ልግባ አለ። ጎማ ነጋዴው ዕቃውን በሌላ አገር አዙሮ፣ ስሙን አስለውጦ ይልካል፤ ጎማው ገና ሳይገጠም ብዙ አገር ዞሯል ብለን እንስቃለን። የወረቀት ነጋዴው ያለውን ሁሉ ደብቆ "የለም" እያለ ነው፣ ሲለው ደግሞ ዓይኑን አይጨፍንም። የኔ አለቃ "እንጠብቃለን" ብሎ ጋዜጣ ያነባል። መጋዘኑ እስከ ጣራው አዝራር ሞልቶታል። እናንተ እዚያ አዝራር አጥታችሁ እኛ እዚህ መራመጃ አጣን።

ስለ ሳጥኑ በደንብ አላስታውስም። ቆጡን እይ እስቲ፣ ካልሆነም አባባ ለሰው አውሶት ይሆናል። ለመዘግየቴ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ወንድምሽ


ጥር 2

ለወንድሜ፣

ጤናህን ያብዛልህ። ቆጡ ላይ የአይጥ ቤተሰብና የአንተን የሒሳብ ደብተር አገኘሁ። አይጦቹ ከአንተ የተሻለ ሠርተውበታል። ሳጥኑ የለም።

በኋላ በላክኸው ደብዳቤ ተስፋ ቆርጠሽ ተቀመጥሽ ወይ ላልከው፣ አልተቀመጥኩም። የጋራዡ መካኒክ ከአሮጌ መኪና ከወጣ የብረት ቱቦ መቁረጫ ሠራልኝ፤ በሞረድ ጥርስ አወጣለት። የመጀመሪያው ሁለት ቀንድ ሳይጨርስ ጥርሱ እንደ ሽማግሌ ረገፈ። ሁለተኛው ጠመመ። ሦስተኛው ቆረጠ! ዘጠኙ ሴቶች ሲጮኹ መንገደኛው እሳት የተነሣ መስሎት ሮጦ ገባ።

ቀንዱን ከቄራ እናመጣለን። እንቀቅለዋለን፣ በመጋዝ ሰንጥቀን እንዘረጋዋለን፣ በሁለት የጋለ ብረት መሃል እንጫነዋለን። ሲቀዘቅዝ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ሆኖ ይወጣል። ሽታውን ለጠላትም አልመኝ። የካልሲ ፋብሪካው ጎረቤታችን "ሰይጣን ነው ወይ የምትቀቅሉት?" ብሎ ሰው ላከብኝ። ጥሩ ካልሲ ሠርተህ እግራችንን ስታሞቅልን ሽታው ይቀራል ብዬ ላክኩበት።

ሥራም ተገኝቷል። ሻለቃው አራት መቶ የሆስፒታል ጋዋን ሊሰፋ ተዋውሏል። ሻለቃ የምንለው ማዕዘኑ ላይ ያለውን ልብስ ሰፊ ነው፤ ወታደር ቤት በበሩም አልፎ አያውቅም፣ ግን ሰው ሲለካ "ቁም!" ይላል። ለያንዳንዱ ጋዋን አምስት፣ በጠቅላላው ሁለት ሺህ አዝራር እሠራለታለሁ። ግማሹን ጨርሰናል።

የቀንዱ ጫፍ ድንጋይ ነው፣ መቁረጫዬን በላብኝ። እማማ መርፌ "አባታችሁ ጫፉን ለብቻው ነበር የሚያኖረው" ትላለች፣ ለምን እንደሆነ ግን አታውቅም፤ እሷም እንደኔ ቶርኖው ጋ ደርሳ አታውቅም። ሊጥለው ኖሯል ብዬ ጠቅላላውን ለቢላ ሠሪው ሸጥኩለት፣ ለእጀታ ብሎ ደስ ብሎት ወሰደው። ከቀንዱ አንዲት ፍርፋሪ አልባከነም። በዚህስ ትኮራብኛለህ።

እህትህ


የካቲት 3

እትዬ፣

ሰላምታውን ሌላ ጊዜ። የጋዋኑን ሥራ አቁሚ!

ቀንድ ሥሩ ባዶ ነው፣ ጫፉ ድፍን ነው። ሥሩን የዘረጋሽው በእሳትና በጉልበት ነው እንጂ ወዶ አይደለም። የፈላ ውሃ ባገኘ ቁጥር ወደ ጥንት ጉብጠቱ ይመለሳል። ለካፖርት ጥሩ ነው፤ ካፖርት የሚቀቅል ሰው የለም። የሆስፒታል ልብስ ግን የሚታጠበው በፈላ ውሃ ነው። አባባ "ጫፉ ለሚታጠብ ልብስ" ይል ነበር፣ በቀን አሥር ጊዜ፣ እስክንሰለቸው ድረስ። አንቺ ቢሮ ነበርሽ፣ አልሰማሽውም። የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ይህን ቀድሜ መጻፍ ነበረብኝ። ቶርኖውን ልታስነሺ እንዳሰብሽ ከጥቅምቱ ደብዳቤሽ ጀምሮ አውቃለሁ። ስለ ሳጥኑ ላለመጻፍ ስል ስለ ቀንዱም ሳልጽፍ ቀረሁ። የሳጥኑን ነገር ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። ጫፉን ከቢላ ሠሪው አስመልሺ። ደብዳቤው እንዲፈጥን ሁለት ቴምብር ለጥፌበታለሁ፣ እንደማይረዳ ባውቅም።

ወንድምሽ


መጋቢት 8

ለወንድሜ፣

እማዬ ደህና ናት። እሷን ካልኩ በኋላ ደህና የምለው ሌላ ነገር የለኝም።

ሻለቃው ማክሰኞ ዕለት መጣ። ሰላም አላለም። ኪሱን ገልብጦ አዝራሩን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈው። እንደ ደረቀ የብርቱካን ልጣጭ ተጠቅልሏል።

"ይህ ምንድን ነው?" አለኝ።

"አዝራር ነው።"

"እኔ ደግሞ ጆሮ መስሎኝ!"

አራት መቶው ጋዋን አንድ ጊዜ ብቻ ታጥቦ ነው ሁሉም እንዲህ የሆነው። ሐኪሞቹ ወገባቸውን በገመድ አስረው በሽተኛ ያያሉ አሉ። ሻለቃው እስከ ሐምሌ መጨረሻ ሰጥቶኛል። አዝራሩ እስከዚያ ካልተቀየረ ውሉን ይቀሙታል፣ እኔም እሱን አጣለሁ፤ ከእሱ ሌላ ደንበኛ አልቀረኝም። በሩ መጋቢት ላይ ይዘጋል ያልኩህ እንግዲህ ሐምሌ ላይ ይዘጋል ማለት ነው።

አፈርኩ፣ ወንድሜ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ሴቶቹ ፊት ቆሜ ጥፋቱ የኔ ነው አልኳቸው። እማማ መርፌ "የኛም ነው፤ ሲያስቀምጠው እያየን ለምን ብለን ያልጠየቅነው እኛ ነን" አለች። እንዲህ ስትለኝ የባሰ ከፋኝ።

ፖስታውን ላሽግ ስል የየካቲት 3 ደብዳቤህ ደረሰ። ቆሜ አነበብኩት፣ ተቀምጬ ደገምኩት። ሠላሳ አምስት ቀን መንገድ ላይ! ከነሁለት ቴምብሩ። መጀመሪያ ሳቅ መጣብኝ ብልህ ታምነኛለህ? ከሳቁ በኋላ ግን አለቀስኩ።

ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ ጠይቄሃለሁ፣ አራተኛ አልጠይቅህም፤ ይህ የመጨረሻው ነው። ሳጥኑ የት ነው?

እህትህ


ሚያዝያ 12

እትዬ፣

ሳጥኑ የለም። እኔ ነኝ የሸጥኩት።

አባባን በቀበርን በሁለተኛው ሳምንት፣ አንቺ ለለቅሶ የተዋስነውን ወንበር ስትመልሺ፣ ለብረታ ብረት ሰብሳቢው ሰጠሁት። ለመርከቡ መሳፈሪያ ጥቂት ጎድሎኝ ነበር። ያን ጊዜ አዝራር በመርከብ ይገባ ነበር፤ ከእንግዲህ ማን ይፈልገዋል ብዬ ነው። አባባ ራሱ "አበቃለት" ብሎ የለ? እንዲህ እያልኩ ስምንት ዓመት ራሴን ደለልኩ። ሰባት መቁረጫ ነበሩ፣ ጥርሳቸውን አያታችን በገዛ እጁ የሞረደው። ሰውየው ሚዛን ላይ ሲጥላቸው የሰማሁት ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ሌላም አለ። ሥራ የለኝም። ኅዳር ላይ "ሥራው ደህና ነው" ስልሽ ከወጣሁ ሁለት ሳምንት ሆኖኝ ነበር። አለቃዬ ጋዜጣውን አንብቦ ጨረሰና መጋዘኑን ዘጋ። አሁን ገበያ ውስጥ ጆንያ እሸከማለሁ። ፎቶ አንሺው ጥፋት የለበትም።

ይቅርታ በወረቀት ቀላል ነው፣ አንባቢውን ፊት ለፊት አያዩትም። ስለዚህ ይቅርታዬን ትቼ የማውቀውን ልጻፍልሽ። ጫፉን አትቀቅሉት። እንደ ካሮት አግድም ክተፉት። የተከተፈውን በደረቅ ሰጋቱራ ቅበሩት፣ አርባ ቀን፣ ጥላ ውስጥ፤ ካልደረቀ ሲበሳ ይሰነጠቃል። ሳትቸኩሉ፣ በዝግታ እያዞራችሁ፣ መቁረጫውን ውሃ እያጠጣችሁ ቁረጡት። ያኔ ጥርሱን አይበላውም።

ፈተናውንም እነግርሻለሁ። አባባ ከየጆንያው አንድ አዝራር ያወጣና የሚፈላ ሻይ ውስጥ ይጥለዋል። ሻዩን ቀስ ብሎ ይጠጣል። ከዚያ አዝራሩን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ ጠርዙን በጥፍሩ ይጫናል። ከተንቀጠቀጠ ጆንያው በሙሉ ለካፖርት ይሄዳል፤ ዝም ካለ "ይታጠብ" ይላል። እናንተ ቢሮ ሆናችሁ ሻይ ይወዳል ትሉት ነበር። አይወድም ነበር።

ወንድምሽ


ሐምሌ 25

ለወንድሜ፣

የሳጥኑን ነገር ካነበብኩ በኋላ ሦስት ቀን አኮረፍኩህ። ሩቅ ሆነህ ሳትሰማው ቀረህ እንጂ ክፉ ኩርፊያ ነበር። በአራተኛው ቀን ሥራ በዛና ተውኩት። አልረሳሁትም፣ ተውኩት። ለእማዬ አልነገርኳትም፤ የጆንያውን ግን ነገርኳት፣ "ሥራ አይናቅም፣ ይብላ ብቻ" አለች።

ቢላ ሠሪው ግማሹን ጫፍ እጀታ አድርጎት ነበር። የቀረውን በጠፍጣፋው ቀንድ ለወጥኩት። እሱም አልከሰረ፤ ማበጠሪያ ከውጭ መምጣቱ ቀርቷልና ዛሬ ከተማው በሙሉ በሱ ማበጠሪያ ነው የሚያበጥረው። የጎደለውን ጫፍ ከቄራ ለቀምን። አርባውን ቀን እንዴት እንደጠበቅነው አትጠይቀኝ። ሴቶቹ በየጠዋቱ ሰጋቱራውን ገለጥ አድርገው ያያሉ፣ እኔም እቆጣለሁ፣ ሲወጡ እኔም ገለጥ አድርጌ አያለሁ።

ፈታኟ እማማ መርፌ ናት። ከየጆንያው አንድ ትለኛለህ? እሷ ከየጆንያው ሃያ ታወጣለች። ዘጠኝ ሴትና አንዲት ባለቤት ሻይ እስኪያስጠላን ጠጣን። ከሦስቱ ጆንያ አንዱ ወደቀ፤ ማልቀስ ሳይኖር ለካፖርት አስቀመጥነው።

ከዚያ ሁላችንም ወደ ሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ሄድን። ሰባት ቀን እዚያ እንፋሎት ውስጥ ተቀምጠን የጎበጠውን ቆረጥን፣ ደህናውን ሰፋን። በስምንተኛው ቀን ሻለቃው መጣ። አንዱን ጋዋን ከሚፈላው ውሃ አስወጣና አዝራሮቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ ዳበሰ። "ቁም!" ይላል ብዬ ጠበቅኩ። "ቀጥሉ" አለ። ለጥቅምት ብርድ ደግሞ የሦስት መቶ ካፖርት አዝራር አዘዘኝ። በሩ አይዘጋም።

በሌላው ደብዳቤህ ልምጣ ወይ ላልከው፣ መርከብ ሳይኖር በምን ልትመጣ ነው፣ በዋና? ያለኸው እዚያ ነው፣ እዚያው ሆነህ ጻፍልኝ።

እህትህ


ኅዳር 30፣ በዓመቱ

እትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ፤ ለእማዬም፣ ለዘጠኙም፣ ለእማማ መርፌ በተለይ። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

ወደቡ ሊከፈት ነው። ከእኛ ቀድማችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። የድሮ አለቃዬ መጋዘኑን ከፍቶ ጠራኝ። ያ እስከ ጣራ የተከመረ አዝራር እንዳለ አለ፤ በርካሽ ሊያፈሰው ነው። በእናንተ ከተማ ወኪል እንድሆንለት ይፈልጋል፤ በመጀመሪያው መርከብ ናሙና ይዤ መምጣት እችላለሁ። ከጆንያ እወጣለሁ፣ እማዬን አያለሁ።

ግን እትዬ፣ የምመጣው የአንቺን ገበያ ልበላ ነው። አባባን ያስቆመው ይኸው አዝራር ነው። ሳጥኑን ሸጬ ሄድኩ፣ አሁን ደግሞ ቶርኖውን ሸራ ላለብስ ልመለስ? እምቢ በል ካልሽኝ እምቢ እላለሁ። ጆንያውን ለምጄዋለሁ። መልስሽን ሳላይ ለሰውየው እሺም እምቢም አልለውም።

ወንድምሽ


ጥር 28

ለወንድሜ፣

ደህና ነን። እማዬ ትመጣ ይሆናል ብላ አልጋህን አንጥፋለች፤ ገና ምን እንደምመልስልህ ሳልነግራት።

ወሬውን ሰምተናል። የካልሲ ፋብሪካው ጎረቤታችን "ወደቡ እንደተዘጋ ይቆይልን" የሚል ማመልከቻ ይዞ ሰፈሩን እየዞረ ያስፈርማል። እኔ ጋም መጣ። አልፈረምኩም። "አንቺ ሞኝ፣ ሊበሉሽ ነው" አለኝ። የመቁረጫዬ ብረት በመርከብ ከየት አገር የመጣ መኪና እንደሆነ ታውቃለህ ወይ አልኩት። አያውቅም። መርፌያችንም ካለቀ ሰንብቷል፣ በተቆለመመ መርፌ ነው የምንሰፋው። ሲሄድ ግን ልቤ ፈርቶ ነበር፣ አልዋሽህም።

ሴቶቹን ሰብስቤ ደብዳቤህን አነበብኩላቸው፣ የሳጥኑን መሥመር ዘልዬ። ተከራከርን። እማማ መርፌ "ለሸሚዝ የቀንድ አዝራር መሥራት ዝንብን በመጥረቢያ ነው፣ እሱን ከልጁ እንግዛ" አለች። እውነቷን ነው። ስለዚህ የሸሚዙን ከአንተ ገዝተን እንደ ድሮው ካርቶን ላይ እንሰፋለን። ጋዋኑና ካፖርቱ የኛ ነው። ሻለቃው ያንተን ናሙና ሳያይ የኛን መርጧል፤ የፈላ ውሃ ያስፈራዋል። ይህ ይበቃናል ወይ? ለዘጠኝ ሰው በጥቂቱም ቢሆን ሳይበቃ አይቀርም። የማይበቃ ከሆነ ያኔ እናያለን።

ቶርኖው ግን ሸራ አይለብስም። ሥራ ቢጠፋ እንኳ በሳምንት አንድ ቀን ይዞራል። ዘጠኙም በየተራ ቆመውበታል። ጫፉ ለምን ለብቻው እንደሚቀመጥ የማታውቅ ዛሬ እዚህ ቤት የለችም፤ ግድግዳው ላይም በትልቁ ጽፌዋለሁ። አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ነገር ምን እንደሚያመጣ አይተናል።

እንግዲህ እሺ በለውና ና። ናሙናህንም ይዘህ ና። እማማ መርፌ ሻይ አፍልታ ትጠብቅሃለች፤ ወንድም ነው ብላ እንደማታዝንልህ ካሁኑ እወቅ።

መካኒኩ አዳዲስ መቁረጫዎች ሠርቶልኛል፣ አሁን ሰባት ሞልተዋል። አናጢው የአባባን የሚመስል ሳጥን ሠራላቸው፣ ክዳኑ ላይ ቁልፍ አለው። የቁልፉ መክፈቻ ሁለት ነው። አንዱ እኔ አንገት ላይ ነው። ሁለተኛው በዚህ ወረቀት መሃል ተጠቅልሏል፤ ስትዘረጋው እንዳይወድቅብህ።

እህትህ